ሣጥን ዐሥራ አንድ

ከማራኪ ግቢ፣ ከሕንጻው ምድር ቤት፣
ብል የሸሸው ሣጥን፣ ቁልፉ የጠፋበት፣
በቢላ ጫፍ ከፈትን ባንዱ ቅዳሜ ዕለት።
«ዐሥራ አንድ» ይላል ክዳኑ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣
ባሕርን በጋዜጣ ጠቅልሎ አቅፎ ይዞ።

እኔ የደንቢያ ልጅ፣ ውሃ ስል ጣና ነው፣
ከብት ወርዶ የሚጠጣው፣ ማዶ ዳር ያለው።
ጨው ስል ገበያ ነው፣ በጣሳ የሚሰፈር፤
ሁለቱ ተጋብተው ሲኖሩ ባንድ አገር
አይቼ አላውቅም።
የጥናቴ ርእስ ግን «የባሕር ዋቅላሚ» ነው።
እናቴ ስትሰማ «ይበላል?» አለችኝ።
ይበላል። «ታዲያ የታለ?» አለችኝ።

ለልምምድ ብዬ ከፋሲል ገንዳ ዳር፣
ጥምቀት ካለፈ ወር፣ ውሃው ሳይደርቅ በፊት፣
አረንጓዴ ዝልግልግ ቀዳሁ በብርጭቆ።
ዘበኛው ታዘበኝ፦ ጠበል መስሎት፣ ዘግይቶ የተቀዳ።

«መሰላል ነው» ትላለች ዶክተር አገርነሽ፣
«ከላይኛው እርከን ወርደሽ ወርደሽ ወርደሽ፣
ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣
አንዱን ብትዘይው ሁሉም ይሆናል ግብ የለሽ ድርድር።
ከዚያም አስተኔ፣ ወገን፤ ታች ግርጌው ዝርያ።
ቀለም ያታልላል፣ አይሆንሽም መለያ፤
ይህ አረንጓዴ የመሰለሽ ቀይ ነበር፣ ሲደርቅ ነው የከዳው።»

ጠርዙ ላይ የሚያድሩ አሉ፣ ባሕር ሲሸሽ ደርቀው፣
ባሕር ሲመለስ ርሰው፣
ቀን ሁለቴ ሞተው፣ ቀን ሁለቴ ተነሥተው።
ከነሱ ዝቅ ብሎ ቡናማው፣ እንደ ጫካ የሚወዛወዝ።
ከሁሉ በታች ቀይዋ፤
ሌላው ብርሃን ሁሉ መንገድ ላይ ሲቀር
የደረሰላትን ሰማያዊ ፍርፋሪ ለቅማ የምታድር።

ሥር የላትም። ሥር መስሎ የሚታየው
ድንጋይ መጨበጫ፣ እጅ ብቻ ነው።
ከጨበጠችው ድንጋይ አንዳች አትቀምስም፤
የምትኖረው በሚያልፍባት ውሃ ነው።

ከሣጥኑ ግርጌ ያለችው ወረቀት በእርሳስ እንዲህ ትላለች፦
«ምጽዋ። መጋቢት ስድሳ ስድስት። ጥልቀት፣ እስከ ደረት።
ሰብሳቢ፣ ይርጋ ታ.። ዝርያው ያልታወቀ።»
እስከ ደረት!
የይርጋን ደረት ማን ለክቶት ያውቃል?
ሰውየው ረጅም ነበር? አጭር ነበር?
ቁመቱ ሳይገኝ የባሕሩ ልክ እንዴት ይገኛል?

ከጫፏ ቆረጥን፤ በሰሃን ነከርን፣
ከአራዳ ሱቅ በገዛነው ጨው፣ አዮዲን ያለበት።
ሩብ ሰዓት አለፈ። ምንም።
ከዚያ አንዷ ቅርንጫፍ ተላወሰች፣ ሌላዋ ተከተለች፣
ተኝቶ የተጨበጠ የሕፃን እጅ እንደሚፈታ፣ ቀስ በቀስ።
ሽታውም መጣ፤ ዓሣ አይደል፣ ዝገት አይደል፣
ለሽታው ደግሞ የምደባ መሰላል የለኝም።

ጋሽ ስንሻው፣ የጥበቃው፣ መብራት አጥፉ ሊለን መጥቶ
ከበሩ ላይ ቀረ። ቆቡን አወለቀ።
«ማን ከፈተው?» አለ።
«ምኑን?» አልነው።
«ባሕሩን።»

ሃያ ዓመት በዚህ በር ሲፈትሸን፣ ቦርሳ ሲያገላብጥ፣
ስለ መርከብ አንዲት ቃል አልወጣውም።
ገባ። ጣቱን ነከረ። ቀመሰ።
ጣራውን ትንሽ አየ።
«ጨው ይቀረዋል» አለ።

ዶክተር ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም።
«ይቺን አውቃታለሁ። ከመርከባችን ሆድ ተጣብቃ እናገኛት ነበር።»
«ምን ትሏት ነበር? ስሟን?» አልሁ፣ እርሳሴን አሹዬ።
«ስም? እንፍቃት ነበር እንጂ፣ ልጄ፣ ማን ስም ያወጣላታል።»
ቆቡን ደፍቶ ወጣ። መብራቱን ግን አላጠፋም።

ሰሃኑን ላጥብ ነበር።
ከዚህ የተደፋ ውሃ ቀሃን ይከተላል፣
ቀሃ ሄዶ ሄዶ መገጭን ያገኛል፣
መገጭ ጣናን፣ ጣና ዓባይን፤
መጨረሻው ባሕር ነው፤ ያ ባሕር ግን አይደለም።

አልደፋሁትም።
በዝርያው ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ባዶውን ተውሁት፣
ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርሁ።