የትኛዋ ናት

እናቷ ብርቱካን አሏት፣ እሷ ሙዝ ታራባለች፤
«ሰው ስሙን አይመስልም» እያለች ለብቻዋ ትስቃለች።

ሐዋሳ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ቆርቆሮው ዝጎ የጠቆረ፣
ከውጭ ሲያዩት መጋዘን፣ አጥሩ ያቀረቀረ፤
ከውስጥ ግን ሦስት በር፣ ጫማ ማውለቂያ፣ ጓንት፣
እጅ እስከ ክርን በአልኮል የሚታሽበት፣
ሳል የማይፈቀድበት፣
መብራቱ ሲነጋም ሲመሽም አንድ የሆነበት ቤት።

ብልቃጦቹ መንታ ናቸው፣ በቀጭን ቱቦ የተያያዙ፤
አንዳቸው መረቅ፣ አንዳቸው ቡቃያ የያዙ።
ባዮሪአክተር ይላቸዋል ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት፤
ሀይሶ ዘበኛው «ጡጦ» ነው የሚላቸው፤ እሱ ይሻላል ምናልባት።

በየስድስት ሰዓቱ ፓምፗ ትንፋሽ ትሰጣለች፣
መረቁን ከታች ገፍታ ሽቅብ ታወጣለች፤
አራት ደቂቃ ያጠጣል፣ ቁልቁል ይመለሳል፣
ቡቃያው እርጥብ እንደሆነ እንደገና ይተነፍሳል።
ልክ እንደ ሀይቁ ዳር ውሃ፦ መጣ፣ ነካ፣ ሸሸ፤
ብርቱካን ይህን ስትቆጥር ስንቱ ቀን መሸ።

ሙዟን ዐምና ላንቃሞ ነው ያመጣት፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣
ከወንዶ ገነት ማዶ፣ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ።
«ሚስቴ የተከለቻት ናት» አለ፤ «ጓሮው እያለቀ ነው፣
ቅጠሉ ይገረጣል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ መግል ነው።
እሷስ አልፋለች። ይቺን ግን አትርፉልኝ።»
ብርቱካን ላጠቻት፤ ልጣጭ በልጣጭ፣ ልብስ በልብስ፣
ክንድ የምታህለው ጉቶ ጥፍር እስክታህል ድረስ።
ላንቃሞ በመስታወቱ አይቶ ዐይኑን ጨፈነ፤
«ይችው ናት የቀረችኝ?» አለ፣ ድምፁ እየመነመነ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ፣ መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ወደ ሀይቁ ወረደ።
ጄኔሬተሩ አለ፤ ናፍታው የለም።
ኃላፊው ስልክ አለው፤ አያነሳም።
አንድ ዙር ቢዘለል አይሞቱም ይላል መጽሐፉ፤
መጽሐፉ ላንቃሞን አያውቀውም።

ሀይሶ ሳትጠራው ሰማት። የልጁን ባጃጅ ከጥጉ ገፋ፣
ባትሪዋን ፈታ፣ ሽቦውን በጥርሱ ላጠ፣ ተፋ፤
«እግሬ ጭቃ ነው» ብሎ ግን ሦስተኛውን በር አላለፈም፤
ሽቦውን በበሩ ስር ሰደደላት። ሄዶም አልተኛም፤
ባትሪውን ታቅፎ ደጅ ተቀመጠ።
ፓምፗ አጉተመተመች። መረቁ ተንቀጠቀጠ፣
ወጣ።
በስልኳ ብርሃን አራት ደቂቃ ቆጠረች፤
ውጭ እንቁራሪት፣ ምሰሶው ላይ አንድ አባ ኮዳ፣
የቀረው ከተማ ዝም ያለ እንግዳ።

ሁሉም አልተረፈም፤ ይህን መደበቅ ምን ያደርጋል?
አሥራ አንድ ብልቃጥ በሳምንቱ ደፍርሶ ወተት መስሏል።
ቀቀለቻቸው። አጠበቻቸው። መዝገቡ ላይ «አሥራ አንድ» ብላ ጻፈች፣
ምሳዋን እንደ ተቋጠረ ይዛ ወደ ቤቷ አለፈች።

ሰኔ ላይ ላንቃሞ መጣ፤ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፣
ከጥላው ቤት በር ቆመ፣ ጉድ እንዳየ ሰው ደንግጦ፦
በጥቁር ላስቲክ በጥቁር ላስቲክ፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ችግኝ፣
ዐይን ቢፈትሽ ቢፈትሽ ልዩነት የማይገኝ።

«የትኛዋ ናት?» አለ።
«የቷ?»
«የሚስቴ።»
ብርቱካን ጓንቷን አወለቀች። «ሁሉም» አለች።

ዝም አለ። ብዙ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያዋን ቅጠል ነካ፤
በሲዳምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደህና መሆኗን ጠየቃት።
ቀጥሎ ያጠገቧን። ቀጥሎ የዚያችን ጎረቤት።
አንዷንም ሳይዘል።

አይሱዙው ጥሩንባ ነፋ፤ ሾፌሩ «ዝናብ መጣ!» ብሎ ተጣራ፤
ላንቃሞ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፣
ከአርባ ሁለተኛዋ ጋራ።