ምላጭ ሥር ያለ አቋም

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ፖስታ ቤቱን አልፎ፣
አንድ ወንበር አለ፤ ቆዳው የተላጠ፣ በፕላስተር ታቅፎ።
እዚያ ነው ምሽት ላይ ዓለም የሚዳኘው፤
ጥጋቡ መቀሱን፣ ቢራራ ስልኩን ነው
እንደ ዳኛ መዶሻ ከፍ አርጎ የሚይዘው።

«ሰርጡ ተዘጋ!» አለ፣ ባጃጁን ደጅ ትቶ፣
ቢራራ ከአዘዞ፣ አንድ እግሩን አስገብቶ።
የት እንደሆነ እንኳ ማንም ሳይጠይቀው፣
ማን እንደሚከፍተው ቤቱ ሁሉ ዐወቀው።
«ምሥራቁ ይመጣል!» «ምዕራቡ ይቀድማል!»
ካርድ ሻጯ ፋንታዬ፣ በመስኮት ብቅ ብላ፦
«ሁለቱም ጦር ልከው፣ ስንዴው ነው ከኋላ!»

እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ካርታ ያስተማርሁ ሰው፣
ወንበሩ ላይ ነበርሁ፤ አረፋው ጉንጬን እንደ ደባርቅ ጉም ያለበሰው።
«ቀልድ ነው» አልኋቸው፣ «ምሥራቁም አይመጣም፤
ለእኛ ብሎ መርከብ ማንም አያወጣም፤
ምዕራቡም ቢሆን…»

ጥጋቡ ዝም አለ። ምላጩም ቆመ፤
ማንቁርቴ ላይ፣ እንደ መርከብ፣ መልሕቅ ጥሎ ከረመ።
«ምን አሉ፣ መምህር?» አለኝ ጎንበስ ብሎ፣
ምሥራቅን ከልጅነቱ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ ጥሎ።

ምራቄን አልዋጥሁም። ሰርጥ ማለት ይኼ ነው፤
ጠባብ፣ ዕርጥብ መንገድ፣ ሌላ ሰው የያዘው።

«ይመጣል» አልሁት፣ «ምሥራቁ ይመጣል፤
እንዲያውም ተነሥቷል፤ ማታውን ይገባል።»
ቤቱ አጨበጨበ። ምላጩ ተነሣ፤
ጉንጬን ዐልፎ ሄደ፣ ያለ አንዲት ጠባሳ።

«ማራኪ ውሰደኝ» አልሁ፣ ቢራራን፣ ስወጣ።
«እጥፍ ነው፣ መምህር፤ ነዳጅ ሆኗል ጣጣ።»
«ከመቼው?»
«ይመጣል ያሉትስ እርስዎ አልነበሩ?
እስኪመጣ ድረስ ዋጋው ይኼ ነው፤ ይልቅ አይከራከሩ።»

ከፈልሁ።
ማንቁርቴን ስዳብስ፣ አቋሜ ከነበረበት፣
አንድ ጢም ቀርቷል፣ ምላጭ ያልደረሰበት።