ዘጠና ሰከንድ

ሥራዬ መውደቅ ነው።
ለአንድ መውደቅ ሃምሳ ብር፤ የሻይ ሂሳብ ለብቻው።

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከፖስታ ቤቱ ደጅ፣
ጉልበቴን አጥፌ፣ ደረቴን በአንድ እጅ
ጨብጬ እወድቃለሁ። ቲያትር የተማርሁት
ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ለአስፋልት ዳር ሞት።

አቶ ዘካርያስ ከዛፉ ሥር ቆሞ
ሰዓቱን ይጫናል፤ ይጽፋል ደጋግሞ፦
ስንት ሰው አለፈ? ስንቱ ዞር አለ?
በስንት ሰከንድ ነው «አይዞህ» የተባለ?
ሕጉ አንድ ነው፦ ዐይን አይገለጥም፤
ዘጠና ሳይሞላ የሞተ አይነሣም።

ሰባት ጊዜ ወደቅሁ።
ጫማን በኮቴው ድምፅ መለየት ዐወቅሁ፦
ተረከዘ ሹሉ ይፈጥናል፣ ይርቃል፤
ሸራው ቆም ይልና «ጠጥቶ ነው» ይላል።
አንዱ ኪሴን ዳሰሰ።
ዘካርያስ በየትኛው ዓምድ እንደሚያሰፍረው ጨንቆት ዋለ።

ስምንተኛው ላይ፣
ካልሲ የምትሸጥ ሴት፣ ዕቃዋን በትና
መጣች። ራሴን አነሣችው፤ ጭኗ ላይ ነኝ።
የላስቲክ፣ የላብ ሽታ።
«ምትኩ!» አለች። «ምትኩ! ልጄን! አሁንም?»
እኔ ምትኩ አይደለሁም።
ዐይን ግን አይገለጥም።

አርባ ሦስት፣ አርባ አራት… በልቤ እቆጥራለሁ፤
እንባዋ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እሰማለሁ።
«የሰው ያለህ!» መንገዱ ቆመ፤ ታክሲው ጡሩንባ ነፋ።
ስድሳ አንድ። የቀኑን ሽያጭ ከመቀነቷ ፈትታ
ለሹፌሩ ዘረጋች፦
«ጥቁር አንበሳ! ቶሎ በል! ያኔም የዘገየሁት ታክሲ አጥቼ ነው!»
ሰማንያ ዘጠኝ።

ተነሣሁ።
ከኮቴ ላይ አቧራ አራገፍሁ።

ዘካርያስ ትሑት ነው፤ ቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ፦
«እናቴ፣ አይዞዎት፤ ሙከራ ነው» አላት አባብሎ።
«ማንም አልታመመ። የኮሚቴው ማኅተም ይኸው።
ፈቃድዎን እዚህ ጋ… ካልጻፉም አውራ ጣት ነው።»

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች፤ ቆማ።
«ፈቃድ የሚጠየቀው ከወሰዱ በኋላ ነው እንዴ?
ደግሞስ ከዚህ ጽሕፈት ውስጥ፣ ምትኩ የቱ ጋ ነው?»

ካልሲዎቿን ለቀመች። አንዱ ጎደለ።
ያለ ጓደኛው የቀረውን ለየችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

በጥናቱ ላይ «ተሳታፊ ስምንት» ናት።
ምላሽ፦ ፈጣን፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ።
የደረሰ ጉዳት፦ የለም።
መምህራኑ አጨበጨቡ፤ ዘካርያስም ተመረቀ፤ እኔም ጋብዞኝ ጠጣሁ።

የጎደለው ካልሲ ኮቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ጥቁር ነው።
እንዴት እንደ ገባ አላውቅም፤ ስወድቅ ይሁን፣ ስነሣ።

ልመልስላት ሦስት ጊዜ ሄድሁ። ከፖስታ ቤቱ ደጅ
አለች፤ «ሁለቱ በሃምሳ» ትላለች፣ እንደ ወትሮዋ።
ሃያ ርምጃ ሲቀረኝ ጉልበቴ ይከዳኛል፤
የእውነት፤ ያለ ሰዓት፤ ያለ ክፍያ።
ግንቡን ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ፤

ብወድቅ ትመጣለችና።