ጨው ስመዝን

ቦርከና በደጄ ሲወርድ ይኖራል፣
ከአዋሽ ይቀላቀላል፣ በረሃ ይገባል፣
ባሕር የሚሉትን ሳያይ ደርቆ ይቀራል።

ሙሄ ግን፣ የኔ ባል፣ የተሳቢ ሾፌር፣
ከጅቡቲ ጭኖ አስገባልኝ ባሕር፤
ጨውን በከረጢት፣ ፓምፑን በካርቶን፣
ብርድ ልብሱን አልብሶ መስታወት ገንዳውን፤
ከጋቢናው ደግሞ፣ በፌስታል ውኃ ውስጥ፣
የቆዳ ቦርሳ የምትመስል ዕንቁላል፣
ባትሪ ሲበራባት ሆዷ ውስጥ ይታያል።

«ሻርክ ናት» አለኝ።
«ሰው የሚበላው?»
«ይቺ ትንሿ ዘር ናት» ብሎ ክንዱን ለካ፣
«ቀን ድንጋይ ሥር ትተኛለች፣ ማንንም ሳትነካ።»

አባቴ በባቲ ጨው ነጋዴ ነበረ፤
አሞሌውን ልሶ፣ የት እንደተቆፈረ፣
የማን ግመል እንዳመጣው፣ ዝናብ እንደነካው፣
በምላሱ ብቻ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው።
የሱ ልጅ ነኝና «ጨው አያሳስብህ፣
ከገበያ ገዝቼ፣ ወቅጬ ላሰናዳልህ»
ብለው ሙሄ ሳቀ፤ «ያ ለወጥ ነው» አለ፣
«ባሕር ጨው ብቻ አይደለም፣ ሌላም ብዙ አለ።»
ስለዚህ ሰኞ ሰኞ፣ ለያንዳንዷ ሊትር፣
ሠላሳ አምስት ግራም ስመዝን፣ ስቆጥር፣
አባቴን አየዋለሁ፣ አንድ ጣቱን ነክሮ፣
ቀምሶ ዝም ሲል፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣
«ይሄስ ከየት ጉድጓድ?»

በአራተኛ ወሯ ዕንቁላሏን ቀደደች፤
ከስንዝር የማትበልጥ፣ ነጭ በጥቁር ነበረች።
ስትሄድ ዋና አይደለም፣ መራመድ ነው እሷ፣
በደረት ክንፎቿ፣ ዝቅ ብሎ ራሷ።
ድምፅ ስለሌላት ስሟን ዝምዬ አልኳት፤
የሐይቅን ቆሮሶ፣ እሾሁን ለቅሜ፣ በወረንጦ አበላኋት።
ጨው አልባ ውኃ ያሳደገው፣ ለጨው ውኃ ልጅ፤
ሁለት ውኃ ተገናኘ በኔ በአንዷ እጅ።

እቴ ዘውድነሽ ናት፣ ልታያት የመጣች፤
ከመቀነቷ ፈትታ አሥር ሳንቲም ጣለች፣
ለምርቃት ብላ። ማን ያውቃል ያን ጊዜ
መዳብ ለሻርክ መርዝ መሆኑን?
ማታ ላይ ዝምዬን በጎኗ ተኝታ አገኘኋት።
መብራትም ያን ማታ ሄዶ ነበር።
ሙሄ ጋላፊ ነው፣ ኬላ ላይ ተሰልፎ፤
ድምፁ ከኔትወርኩ ተቆራርጦ ተርፎ፦
«ሳንቲሟን... ውኃውን... አየር ስጪያት...» ጠፋ።
ሳንቲሟን አውጥቼ፣ ግማሹን ውኃ ስደፋ፣
ለክፉ ቀን ያልኩትን አዲስ ባሕር ሳፈስስ፣
አየር ይዞ እንዲገባ፣ በጣሳ ከፍ አድርጌ ስመልስ፣
ክንዴ እስኪዝል ድረስ፣ ክንዴ ዝሎም ደግሞ፣
ቅዝቃዜው በጣቴ እስከ ጥፍሬ ዘልቆ፣
የሱብሂ አዛን ሰማሁ፣ ጣሳዬን እንደያዝኩ።
የአንገቷ ስንጥቆች ተከፈቱ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።
መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ይኸው ሦስት ዓመቷ፤ ክንድ ሞላች፣ ነጩ መስመሯ ደበዘዘ፤
ሙሄም መንገድ ነው፤ መኪናው ሚሌ ላይ ተያዘ።
ዛሬ ጨው ስመዝን፣ ከድንጋዩ ሥር አየሁ
ሁለት የቆዳ ቦርሳ።
ወንድ የለም በገንዳው። ኖሮም አያውቅ።

«አባቱስ ማነው?» ብላ ዘውድነሽ ሳቀች፤
ከዚያ ሳቋን ትታ ዓይን ዓይኔን አየች።
እስከ ዛሬ ደጄ ላይ «ልጅስ?» ነበር ጥያቄው፤
ዛሬ ተገልብጦ «አባትስ?» ሆነላቸው።

ሙሄ በስልክ አለኝ፦ «አንዳንዴ ብቻዋን ትወልዳለች አሉ።
አብዛኛው ባዶ ነው። ግን አትጣያቸው።»

መብራቱን አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከኋላዋ ያዝኩ።
ውስጧ ቢጫ ነው።
ቀስ ብዬ አዞርኳት።
ክር የምታህል ነገር፣
ወይ ውኃው ነው የነካት፣ ወይ የእጄ መንቀጥቀጥ፤

ነገ ማታ ደግሞ አያለሁ።