ሽንኩርት ነው

ካራ አሎ ነው ቤታችን፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ታክሲው "ወራጅ" ሳይባል ዞሮ ከሚመለስበት፤
ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ፣
ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያነጋግር የሚያድር ከተራራ።

በሩን የሠራው ሰው አጭር ነበር መሰል፣
በራሱ ቁመት ልክ ጉበኑን ሲተክል፤
አስናቀ ዐሥራ አራት ዓመት ግንባሩን ሲሰጠው፣
ጉበኑ "እንደምን አመሸህ" እያለ ሲቀጠቅጠው።
እንግዳችን ሁሉ እጅ ነሥቶ ይገባል፤
ለእኛ ክብር የመሰለው ጎረቤት ይቀናል።

ማድ ቤቱስ?
ከሳሎኑ ጀርባ፣ በብሎኬት የታጠረ፣
መስኮቱ በላሜራ የታሰረ፤
ስዞር ክርኔ ድስት ይነካል፣
ስጎነበስ ጀርባዬ ጄሪካን ያንኳኳል።
ፊቴ ወደ ግድግዳ፣ ጨዋታው ከኋላዬ፣
የሰው ሳቅ በብሎኬት ተጣርቶ ሲደርስ ከጆሮዬ።

ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰን።
በልጁ ደብተር ጀርባ ሲሚንቶ ደመርን፣ ሴራሚክ ቀነስን፤
እሱ፣ "አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ልግባ"፣
እኔ፣ "ዞሬ ልይ፣ ማን መጣ፣ ማንስ ገባ"።

ገመቹ መዶሻውን ይዞ በማለዳ ደረሰ፣
"ይሄ ግድግዳ ተሸካሚ ነው?" ብሎ በመዳፉ ዳሰሰ፤
አንኳኳ፣ ጆሮውን ሰጠው፣ እንደ ሐኪም፤
"ምንም አልተሸከመም" አለ።
እኔ ግን አላመንኩም።

በሦስት ቀን ወደቀ።
አቧራው ከሹሮው፣ ከአልጋ ልብሱ፣ ከቅንድባችን ተጣበቀ፤
አንድ ወር ሙሉ በረንዳ ላይ በቡታጋዝ አበሰልን፣
አንድ ወር ሙሉ በዕቃ መካከል በጎናችን አለፍን።

ከዚያ ሙዘይን መጣ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሰክቶ።
ካቢኔቱን ገጠመ፣ በየማዕዘኑ ተንበርክኮ፣ አጥርቶ፤
መሳቢያው በጣት ሲነካ ያለ ድምፅ ይዘጋል፣
ክፉ ቃል የሚውጥ ሽማግሌ ይመስላል።
ሲንኩ ባለ ሁለት ጎድጓዳ፣ ቧንቧው አንገተ ሰጎን፣
ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ አንገት ቢረዝም ምን ሊሆን?
ጄሪካኖቹም ክፍል አገኙ ከሲንኩ ሥር፣
ባለ በር ሆኑ እነሱም፣ እንደ ባለ ክብር።

መግቢያው ላይ የጫማ ማውለቂያ አግዳሚ፤
ከሥሩ የላስቲክ ቡትስ መደርደሪያ፣
ከጎኑ የጃንጥላ መስቀያ።
ጭቃው እዚህ ይቁም፣ አልን። ቤት ከዚህ ወዲያ ነው።

ጉበኑም ሁለት ጋት ከፍ አለ።
አስናቀ በመጀመሪያው ማታ መጣ፤
ቆመ፣ አየው፣
ጎንበስ ብሎ ገባ።
እትዬ ብርቅነሽም ጎንበስ። ልጇም ከኋላዋ ጎንበስ።
በር በሳምንት ይቀየራል፤
አንገት ግን ከአናጢ ይዘገያል።

ቅዳሜ ሰው ጠራን። እኔ እየከተፍኩ፣ እነሱ እየሳቁ፣
አሁን ሁሉም ይታየኛል፣ ጥርሳቸው፣ ዓይናቸው፣ ሲጨዋወቱ፣ ሲሳሳቁ።
ድንገት አስናቀ ቀና ብሎ፣ "ምነው?" አለኝ።
"ሽንኩርት ነው" አልኩት፣ እንደ ልማዴ።
መክተፊያው ላይ ያለው ካሮት ነበር።

ያ ግድግዳ።
ዐሥራ አራት ዓመት ፊቴን የሰጠሁት፣
አንዳንዱን ለእናቴ፣ አንዳንዱን ለጤፍ ዋጋ፣
አንዳንዱን ለምንም፣ ዝም ብሎ ለመጣ።
ምንም አልተሸከመም ይላል ገመቹ፤
ገመቹ ምን ያውቃል፤ እሱ የሚያውቀው ጣሪያ ነው።

ማታ እንግዳው ሲሄድ ቤቱን ዞርኩት፣
ጥግ ፍለጋ።
ሁሉም ክፍት ነው፣ ሁሉም ያበራል፣ ሁሉም ያምራል፤
ለአንዲት ሴት ፊት የሚሆን ስንዝር ጨለማ የለውም።
መጨረሻ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣
ከቫርኒሽ ሽታና ከእርጥብ ቡትስ መካከል።

አስናቀ እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰ፤
ለሌለው ጉበን ጎንበስ አለ፣
አጠገቤ ተቀመጠ። አልጠየቀኝም።
አንዱን እግሩን አወለቀ።
ወደ ሁለተኛው አጎንብሶ
ክሩን ሲፈታ ቆየ፣ ሲፈታ ቆየ።

ቡትስ ክር የለውም።