የአልፎንሲን ደብተር

ጥቅምት ዝናቡን አሟጦ ሳይጨርስ፣
የመጀመሪያው መርከብ ከሮዞ ሳይደርስ፣
ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁ፣
እርሳሴን ቀርጬ ወጥ ቤት ተቀመጥሁ።
ሦስት ክፍል፣ አንድ ጓሮ፣ አንድ አሮጌ ማንጎ፤
እንግዳ ይጽፋል፣ ሁሉም የሱን ፈልጎ።

የቶሮንቶ ሙሽሮች «ነጭ አሸዋ» አሉ፣
«ፖስታ ካርድ ላይ እንደምናየው ሁሉ።»
መዋሸት አልወድም፤ መለስሁ በወጉ፦
«የኛ አሸዋ ጥቁር ነው፣ እሳተ ገሞራ ነው የዘር ሐረጉ።
ቀትር ላይ ሲረግጡት እግር ያቃጥላል፣
እጅ ለእጅ ይዞ ለመሮጥ ግን ሰበብ ይሆናል።»
ከኋላ ያለውን ክፍል ሰጠኋቸው፤
ዶሮው እዚያም ይጮኻል፣ ምን ላድርግላቸው።

ሙሴ ጋስተን ከሊዮን፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣
ዓሣ ነባሪ ማየት ነው የቀረው ምኞቱ።
ባለጀልባውን ሄክተርን ጠየቅሁት፣
«ማክሰኞ ይመጣል ብዬ ልጻፍለት?»
ቀና ሳይል ሳቀ፣ መረቡን እየሰፋ፦
«ውል የፈረመ ዓሣ ነባሪ የለም፤ ብቻ አይቁረጥ ተስፋ።»
ማክሰኞን ጻፍሁለት፣ በእርሳስ አድርጌ፣
ረቡዕን ጨምሬ፣ ሐሙስን ሸሽጌ።

ከብሬመን የሚመጡት አራት ወጣት ናቸው፤
የሚፈላው ሐይቅ ነው ያስጎመጃቸው።
ሌሊት ለአሥር ሰዓት ስንቅ እቋጥራለሁ፣
ሙዝና ጨው ዓሣ፣ ዳቦ እጨምራለሁ።
ቲተስ፣ የሎዳው መሪ፣ ጫማ ጫማ ይላል፦
«አዲስ ጫማ ያደረገ በእግሩ ይወጣና በሰው ይመለሳል።»

የመርከቡ ሕዝብ ግን ሌላ ነው ጣጣው፤
ስድስት ሰዓት ብቻ ነው አገር የሚሰጠው።
«ለያንዳንዱ ቀን ወንዝ አለን» ስላቸው፣
«የትኛው ይቀርባል?» ነው ጥያቄያቸው።
ወንድሜ ኦልድሪክ በሚኒባሱ አሳፍሮ
ሁለት ፏፏቴ ያሳያል ደቂቃ ቆጥሮ።

በደብተሩ መሐል የአምና ደብዳቤ አለ።
ሁለት መስመር ነው።
«ምንም ማድረግ አልፈልግም።
እባክሽ አታቅጂልኝ። ኢንግሪድ።»

ያኔ እጄ ለምዶ «ሰኞ» ብዬ ጻፍሁ።
ሰኞ ምን? ሰረዝሁት።
ማክሰኞ ምን? እሱንም።
ምንም አለማድረግን በምን ያቅዱታል?
ስንቅ ይፈልጋል ወይ? ስንት ያስከፍላል?
ገጹን ባዶ ትቼ፣ ሦስተኛውን ክፍል ሰጠኋት።

ዘጠኝ ቀን ቆየች፤
ለባሕሩ ጀርባ ሰጥታ ማንጎውን ስታይ ዋለች።
ስትሄድ መዝገቡ ላይ
አንድ ቃል ብቻ፦ «ተኛሁ።»

ይህን ሳነብ ልጄ ማርሊየስ፣ ሳህን እያጠበ፣
«አንቺስ እማ?» አለኝ፣ ገና እንዳሰበ፤
«የሰውን ሁሉ ዕረፍት ስትነድፊ ኖረሽ፣
የት ትሄጂ ነበር ተራው ቢደርስሽ?»

አንቲጓ፣ እህቴ ጋ? ልጆቿን ልታስጠብቀኝ።
ጓዴሎፕ? የጀልባው ዋጋ ቆርቆሮ ይገዛልኝ።
ፍል ውኃው? ገና ሳልነከር ሰው በስሜ ጠርቶ
«ክፍል አለሽ ወይ?» ይለኛል እንፋሎቱ መሐል ገብቶ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሳይመጣ አንድም እንግዳ፣
ፎጣና የጥርስ ብሩሽ ይዤ
በራሴ በር ገባሁ እንደ ባዳ።
«የሦስተኛውን ቁልፍ» ብዬ ልጄን ጠየቅሁት።
«ፓስፖርት?» አለኝ ኮስተር ብሎ፤ በፎጣው መታሁት።

ፍራሹ መሐሉ ይሰምጣል፤ አላውቅም ነበር።
ከማዕበሉ ዓመት ወዲህ የተጠጋገነው አሸንዳ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
እንደሚያንኳኳ ሰው በማይከፈት በር።
ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ይህን ስትሰማ
አንድ ቀን እንኳን አልነገረችኝም እኮ!
እኔም ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ?» ስላት
ራሷን ትነቀንቃለች።

አፍሬ ተጋደምሁ። ተገላበጥሁ። ቆጠርሁ።
ከዚያ፣ ከጠብታው ኋላ፣ ወንዙን ሰማሁ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነበረ፣
ከወጥ ቤቱ በኩል ድምፁ ያልተሻገረ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።
ማርሊየስ በሩን ሲመታ ፀሐይ አልጋዬ ላይ ነበረች።

ሰኞ አናጢው መጣ፤ መሰላል አቆመ።
«አሸንዳው ይነቀል?» ብሎ ቆመ።
ትንሽ ዝም አልሁ።
«ጠብታውን ብቻ አቁምልኝ» አልሁት፣
«ወንዙን እንዳትነካው።»