የጋሽ ሙሄ ጋቢ

የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ ይባላል፤
ቧንቧው ግን ሲከፈት ደረቅ ሳል ያስላል።
በስምንት ቀን አንዴ፣ ደሴ ስትተኛ፣
ይመጣል በውድቅት፣ ያመሸ መንገደኛ።
የትምህርት ቤቱ ሮቶ ይሞላል፣ ይፈሳል፤
ቁልፉን ለመጠምዘዝ ማን ከእንቅልፍ ይነሳል?
ውሃው በደረጃው ቁልቁል ገስግሶ
ያድራል አራተኛ «ለ»ን በጭቃ ለውሶ።

እኔ የሳይንስ መምህር፣ ጠመኔዬን ይዤ፣
የባከነውን ሊትር አሰላሁ ተክዤ፤
በሰዓት ይህን ያህል፣ በወር ስንት በርሜል።
ልጆቹ ገለበጡ፣ እኔም በቀይ አረምኩ።
በሳምንቱ ውሃ መጣ። ሮቶ ደብተር አያይ፤
ፈሰሰ እንደ ልማዱ፣ በስሌቴ ላይ።

«ደብተር ዝጉ» አልኩኝ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣
«የተጣለ አምጡልኝ፣ ሽቦም ሆነ ባላ።»
መጣ ከነአቧራው የሬዲዮ ሆድ ዕቃ፣
የብስክሌት ቸርኬ ከነአምናው ጭቃ፤
አንድ ወንፊትም መጣ፣ ከነዛቻው ጭምር፦
«ማታ ካልመለስከው እራት የለም» የሚል ምክር።

ሽኩር ሽቦ ቀጥሎ ጡሩምባ ሠራ፣
ሮቶው ጢም ሲል ጊዜ እንደ በሬ የሚያጓራ።
ጮኸ ሐሙስ ሌሊት፤ ውሾቹ ነቁ፣
ጎረቤቶች ወጥተው ዱላ ታጠቁ።
ዘበኛው ጋሽ ሙሄ ግን ያቺን ደህናዋን ጆሮ
ትራስ ላይ አስተኝተው፤ ማን ይስማ እሮሮ?

መኳንንት «አምፑል» አለ፣ ከራስጌ የሚያበራ።
እኛ ጋ ውሃና መብራት ተራ በተራ፤
አንዱ በር ሲገባ ሌላው ይወጣል፣
በዚያ ድቅድቅ ውስጥ አምፑል ምን ያመጣል?

ያኔ አንሻ፣ አፏ የማያርፍ፣
ስንቴ ከክፍል ያስወጣኋት፣
«ቲቸር፣» አለች፣ «ሰውዬውን ማን ጠየቃቸው?»

ጠመኔዬ ቆመ። ይህ በመጽሐፉ የለም።

በጠራራ ፀሐይ፣ ከጥበቃ ቤቱ በር፣
ተኝተው አሳዩን፣ በአግዳሚ ወንበር፦
«እንዲህ፣ በቀኝ ጎኔ። ይቺ ጆሮ ትሰማለች፤
ምን ዋጋ አለው፣ ከእኔ ቀድማ ትተኛለች።
ጡሩምባ? ሰማይ ቢደፋ አልሰማም፣ ልጄ።
ብርድ ግን... የጦሳ ብርድ... ጋቢዬን የገፈፈኝ ለት
ከመቃብርም ቢሆን እነሳለሁ።»
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንሻ አልሳቀችም፤
የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ
ሳብ አደረገችው። ለቀቀችው። ደግማ ሳበችው፣
ጨርቅ እንደሚመርጥ ገበያተኛ።

ሦስት አርብ ፈጀ።
ባዶ ጀሪካን ሮቶው ውስጥ፣ ክዳኑ የጠበቀ፤
ውሃ ሽቅብ ሲያነሳው ባላው ተፈናቀለ፣
ባላው ሲፈናቀል ድንጋዩ ወደቀ፤
ድንጋይ ገመድ ይጎትታል፣ ገመድ በቸርኬ ዞሮ
ይገባል በመስኮት፣ ግድግዳውን ተሻግሮ፣
በልብስ መቆንጠጫ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ።
መጀመሪያ ገመዱ ተበጠሰ።
ቀጥሎ ድንጋዩ በነፋስ ብቻ ወደቀ፤
ጋሽ ሙሄ በከንቱ ነቅተው
እስኪነጋ ዘር ማንዘራችንን ረገሙ።
ሽኩር ለባላው ከነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጦ ማረፊያ ሠራለት።
ወንፊቱ ለምንም አልጠቀመም፤ በሰዓቱ ተመለሰ።

ማክሰኞ ሌሊት መጣ፣ ያ መንገደኛ ውሃ።
እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም፤
የማውቀው፣ ረቡዕ ጠዋት በጉሙ ውስጥ ስደርስ
አራተኛ «ለ» ወለሉ ደረቅ፣
ሮቶው እስከ አፉ ሙሉ፣
ጋሽ ሙሄም ከበሩ ቆመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣
ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፦

«መግፈፉንስ ገፈፈኝ፣ ተባረኩ፣ እሰየው!
ቁልፉን ዘግቼ ብመለስ ጋቢዬን ምን ብዬ ልየው?
ደጅ ወጥቶ፣ በመስኮት፣ ድንጋዩን ተከትሎ፣
ሲንዘላዘል አደረ ከቸርኬው ላይ ተንጠልጥሎ።
ብልሃት ካላችሁ፣ እስቲ በሞቴ፣
መልሶ የሚያለብስ ሥሩልኝ፣ ለሽምግልናዬ ለብርቱ ጠላቴ።»

እኔ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ስፈልግ
አንሻ ጎንበስ ብላ፣ እያወራች፣
የሰውዬውን ቁመት ከእግር እስከ ራስ
በክንዷ ትለካ ነበር።